የመነሻ ግምት እውነትነት፦ የኢኮኖሚክስ ፍልስፍናዊ መሠረት ክርክር ከሚል እስከ ሎውሰን

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ግን ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር የሚታየው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን በውጭ አገር ዩኒቨርስቲዎች በተማርንበት ዘመን፣ ሰው ሁሉ ጥቅሙን አስልቶ የሚያውቅ፣ ገበያም ሻጭና ገዢ ያለ እንቅፋት የሚገናኙበት ስፍራ ተደርጎ ይቀርብልን ነበር። «ይህ እውነት ነውን?» ብሎ ለጠየቀ ተማሪ የሚሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ የመነሻ ግምቱ እውነት መሆን አለመሆኑ ቁም ነገር አይደለም፣ ቁም ነገሩ ትንበያው መስመሩ ነው የሚል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መልስ ከየት እንደ መጣ፣ እነማን እንደ ተቃወሙት፣ ክርክሩስ እንደኛ ላለ አገር ምን ትርጉም እንዳለው በታሪክ ቅደም ተከተል ማሳየት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄውን በሥርዓት ካነሡት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ነው። ሚል በ1836 ባሳተመው ድርሰቱ፣ ኢኮኖሚክስ ሰውን በሙሉ ገጽታው እንደማያጠናና ሀብትን የመሻት ዝንባሌውን ለይቶ እንደሚመረምር ገለጸ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሰው በእርግጥ በምድር ላይ ይኖራል አላለም። ሀብትን መሻት በሰው ልብ ውስጥ ያለ እውነተኛ ኃይል ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይሠራም፤ ሌሎች ኃይሎች ይገቱታል፣ አቅጣጫውንም ያስቀይሩታል። ስለዚህ የኢኮኖሚክስ ድምዳሜ ሁሉ «አዋኪ ምክንያት ካልገጠመ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያዘለ ነው። ሚል ነጥሎ ያጠናው በእውን ያለውን ነገር እንጂ የፈጠራ ነገርን አልነበረም። ይህ ልዩነት በኋላ ለምንመለከተው ሁሉ ቁልፍ ነው።

ከሚል በኋላ ክርክሩ ወደ ጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ተሻገረ። የቪየናው ካርል ሜንገር በ1883 ስለ ማኅበራዊ ሳይንስ የጥናት ዘዴ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የኢኮኖሚ ክስተቶች ሁሉ ቦታና ዘመን የማይለውጠው ባሕርይ አላቸው፣ የንድፈ ሐሳብ ተግባርም ያንን ባሕርይ መግለጥ ነው ሲል ተከራከረ። የበርሊኑ ጉስታፍ ሽሞለር በበኩሉ ያለ ታሪክ፣ ያለ ተቋማትና ያለ ልማድ ጥናት የሚገነባ ንድፈ ሐሳብ ባዶ ነው ብሎ ነቀፈው። ጠቡ እየከረረ ሄዶ ሜንገር በ1884 በታሪካዊው ትምህርት ቤት ላይ መራራ የክርክር ጽሑፍ እስከ ማውጣት ደረሰ። ብዙ ጊዜ ይህ ሙግት የንድፈ ሐሳብና የታሪክ ጠብ ተደርጎ ይነገራል። በእኛ አስተያየት ግን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፤ ሳይንስ ስለ እውነተኛው ዓለም መናገር እንዳለበት ሁለቱም አልተጠራጠሩም። የተለያዩት እውነቱ የት እንዳለ በመፈለግ ላይ ብቻ ነው።

ይህ ስምምነት የፈረሰው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። ላየነል ሮቢንስ በ1932 ባወጣው መጽሐፍ ኢኮኖሚክስን በግቦችና አማራጭ አገልግሎት ባላቸው ውሱን መገልገያዎች መካከል ያለው ግንኙነት ጥናት አድርጎ ሲተረጉመው፣ መነሻዎቹ ማንም ከራሱ ተሞክሮ የሚያውቃቸው ግልጽ እውነቶች ናቸው ብሎ ነበር። ቴሬንስ ሃቺሰን ደግሞ በ1938 በተጨባጭ ሊፈተን የማይችል አባባል ከሳይንስ እንዳይቆጠር ጠየቀ። በተከታዩ ዓመት ሁለት የኦክስፎርድ ምሁራን፣ ሆልና ሂች፣ ዋጋ እንዴት እንደሚተምኑ ሠላሳ ስምንት የንግድ ሰዎችን ጠይቀው ያገኙትን አሳተሙ። አብዛኞቹ ወጪያቸውን ደምረው ተለምዷዊ ትርፍ እንደሚጨምሩበት እንጂ፣ መጻሕፍቱ እንደሚሉት የመጨረሻዋን ምርት ወጪና ገቢ እንደማያመዛዝኑ መለሱ። መነሻ ግምቱ በአደባባይ ተፈትኖ ወደቀ ማለት ነው።

ለዚህ ፈተና የተሰጠው ዝነኛ መልስ የሚልተን ፍሪድማን የ1953 ድርሰት ነው። ፍሪድማን እንደሚለው ንድፈ ሐሳብ የሚመዘነው በመነሻ ግምቱ እውነትነት ሳይሆን ሊያስረዳቸው በታቀዱት ክስተቶች ላይ በሚሰጠው ትንበያ ነው። እንዲያውም ታላቅ ንድፈ ሐሳብ ብዙውን በጥቂቱ ስለሚያስረዳ መነሻው ከእውነታው የራቀ መሆኑ አይቀርም። ምሳሌው የታወቀ ነው፤ ጎበዝ የቢሊያርድ ተጫዋች የፊዚክስን ቀመር ባያውቅም፣ እንደሚያውቅ አድርገን ብንቆጥረው አመታቱን በሚገባ እንተነብያለን። ነጋዴውም እንዲሁ ነው፤ አስልቶም ባይሆን ትርፉን ከፍ እንደሚያደርግ ቆጥረን እንቀጥል፣ ያላደረገውን ውድድር ያስወግደዋልና።

ክርክሩ ብልህ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በፍሪድማን መልስ ውስጥ የተሰወረ ሽግግር አለ። ሚል አንዱን እውነተኛ ኃይል ከሌሎቹ ለይቶ ነበር ያጠናው፤ ፍሪድማን ግን የለየው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ከጥያቄ ውጭ አደረገው። ነጥሎ ማጥናትና በሐሰት መነሣት አንድ አይደሉም። በ1963 ፖል ሳሙኤልሰን የግምት ሐሰትነት የንድፈ ሐሳብ ጉድለት እንጂ ጌጥ ሊሆን እንደማይችል ጽፎ ተቃወመ። በ1981 ደግሞ አለን ማስግሬቭ የመነሻ ግምቶችን ሦስት ዓይነት ለይቶ አሳየ፤ አንዳንዱ ግምት የተተወው ነገር ውጤቱ ኢምንት ነው ይላል፤ አንዳንዱ ንድፈ ሐሳቡ የሚሠራበትን ወሰን ያመለክታል፤ አንዳንዱ ደግሞ በኋላ የሚነሣ ጊዜያዊ መሰላል ነው። የመጀመሪያው ዓይነት እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ በተጨባጭ መፈተን አለበት፤ ሁለተኛው በማይጸናበት አገር ንድፈ ሐሳቡ ቦታ የለውም። እንዲህ ሲታይ «ግምቱ እውነት ባይሆንም ግድ የለም» ማለት ሦስቱን ማደባለቅ ነው።

ሪያሊዝም በዚህ መስክ ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ የወጣው በኋላ ነው። ሮይ ባስካር በኦክስፎርድ የኢኮኖሚክስ ንድፈ ሐሳብ ለታዳጊ አገሮች ያለውን ፋይዳ ሊያጠና ተነሥቶ ነበር፤ ጥያቄው ግን ወደ ፍልስፍና መራው፤ በ1975ም ስለ ሳይንስ እውናዊ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉን አሳተመ። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፤ ሳይንስ የሚፈልገው በሚታዩ ክስተቶች መካከል ያለ ቋሚ ተከታታይነትን ሳይሆን ክስተቶቹን የሚያመነጨውን ውስጣዊ አሠራር ነው። ቋሚ ተከታታይነት የሚገኘው ሌላ ኃይል በማይገባበት ዝግ ሥርዓት፣ ለምሳሌ በቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ኅብረተሰብ ግን ክፍት ነው። የካምብሪጁ ቶኒ ሎውሰን ይህን በ1997 ወደ ኢኮኖሚክስ አምጥቶ፣ ዋነኛው ኢኮኖሚክስ የሒሳብ ዘዴውን ከኅብረተሰብ ባሕርይ አስቀድሟል ሲል ከሰሰ። ፊንላንዳዊው ኡስካሊ ማኪ በበኩሉ ክሱ ከልክ ያለፈ ነው ይላል፤ ሞዴል በሐሰተኛ ግምቶች ታጥሮም ቢሆን አንድን እውነተኛ አሠራር ነጥሎ ሊያሳይ ይችላልና። እኛም በዚህ ነጥብ ወደ ማኪ እናዘነብላለን፤ ግን የተነጠለው ነገር በእርግጥ መኖሩን ማረጋገጥ የባለሞዴሉ ዕዳ ነው።

ይህ ሁሉ የፍልስፍና ጨዋታ የሚመስለው ካለ ወደ ወሎ ይመልከት። አማርትያ ሴን በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ በጻፈው መጽሐፍ ከ1972 እስከ 1974 የደረሰውን የወሎ ረሃብ መርምሯል። ሴን እንደሚለው የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ ጥቂት እህልም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ምግቡንም ገቢውንም አንድ ላይ አጣ፤ የሚገዛበት ስለሌለው ፍላጎቱ በገበያው ላይ አልተመዘገበም። እንግዲህ ዋጋ የእጥረት ምልክት ነው የሚለውን ግምት ይዞ ደሴ ገበያ የቆመ ሰው፣ ዋጋው ስላልናረ ረሃብ የለም ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ የትራንስፖርት ችግርና የገበያው መበታተን ሚና ተዘንግቷል ብለው ሴንን ተከራክረዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ የሚያስተምር ነው፤ ሁለቱም ወገን ሰዎቹ በየትኛው አሠራር እንደ ሞቱ ይጠይቃልና። እርዳታው ገንዘብ ይሁን ወይስ እህል፣ መንገድ ይሠራ ወይስ ሥራ ይሰጥ የሚለው ሁሉ በዚያ መልስ ላይ ይንጠለጠላል።

የቅርቡም ዘመን ከዚህ አይለይም። በጥቅምት 1992 የብር የምንዛሪ ተመን ለአንድ ዶላር ከ2.07 ወደ 5.00 ብር ሲወርድ፣ በሐምሌ 2024ም ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ላኪው ይበረታታል የሚል ነበር። ግምቱ የሚያመለክተው ኃይል እውነተኛ ነው። ግን የቡና ተክል ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ በገበሬውና በላኪው መካከልም ብዙ እጅ አለ፤ ማዳበሪያውና ነዳጁ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። እነዚህ በሚል አነጋገር «አዋኪ ምክንያቶች» ይባሉ ይሆናል፤ ለገበሬው ግን ኑሮው ራሱ እነዚህ ናቸው። ሀብታሞቹም አገሮች ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም፤ በ2008 የፋይናንስ ቀውስ ሲመጣ በሰፊው ይሠራባቸው ከነበሩት ሞዴሎች ብዙዎቹ ለባንክ መክሰር ቦታ እንኳ አልነበራቸውም።

ከዚህ ታሪክ የምንቀስመው ትምህርት ሞዴልን መናቅ አይደለም። ያለ ነጥሎ ማጥናት ሳይንስ የለም፤ ሽሞለርም ቢሆን ታሪክን ሁሉ ሰብስቦ አልጨረሰም። ለአገራችን የሚቀርበውን ማንኛውንም የኢኮኖሚ ምክር ግን ሦስት ነገር ልንጠይቀው ይገባል፤ የተነሣበት ኃይል በእኛ ኅብረተሰብ ውስጥ በእርግጥ አለን? የተተወው ነገር በእኛ ዘንድ ኢምንት መሆኑ ተፈትኗልን? የማይጸናበትስ ወሰን የት ላይ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ የውጭ አማካሪ መሆን አያስፈልግም። የአገሩን መሬት፣ ገበያና ልማድ የሚያውቅ ምሁር እንዲያውም ይቀድማል፤ በስደት ላለነውም ለወገናችን ልናበረክተው የምንችለው አንዱ አገልግሎት ይህ ነው።