ያልተቆጠረ ህመም፡ የአዕምሮ ጤና ምርምር በድሃና በአረብ አገሮች

አንድ ሰው ወባ እንደያዘው ለማወቅ ጠብታ ደምና ማይክሮስኮፕ ይበቃል፡፡ ድባቴን ወይም ስኪዞፍሬኒያን የሚያሳይ የደም ምርመራ ግን የለም፡፡ ህመሙ የሚለየው ሰውን በማነጋገር፣ የሚናገረውንም በቋንቋውና በባህሉ ልክ በመረዳት ነው፡፡ ለዚህም ነው የአዕምሮ ጤና ምርምር ከሌላው የህክምና ምርምር በተለየ ሁኔታ የአገሬውን ሰው የሚፈልገው፡፡ በድሃና በአረብ አገሮች ያለው ችግርም በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚሁ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት በሥነ አዕምሮ ሕክምና ታዋቂ የሆኑ ስድስት መጽሔቶችን መርምሮ ነበር፡፡ ከ90 በመቶ በላይ የዓለም ሕዝብ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች የመጡት ጽሑፎች 6 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፡፡ በሌላ አነጋገር፣ ሐኪሞቻችን የሚማሩት እውቀት በአብዛኛው የተቀዳው ከጥቂት ሀብታም አገሮች ታማሚዎች ነው፡፡

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው የገንዘብ እጥረት ብቻ ነውን? አይመስለኝም፡፡ ሳዑዲ ዓረቢያ ሀብት አላጣችም፡፡ ሆኖም 4,004 ዜጎቿን ያሳተፈው ብሔራዊ የአዕምሮ ጤና ጥናት ውጤቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ 34 በመቶ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ የአዕምሮ ጤና ችግር እንደገጠማቸው አሳይቷል፡፡ በአንፃሩ ከረጅም የእርስ በርስ ጦርነት የወጣችው ሊባኖስ 2,857 አዋቂዎችን ያካተተ ጥናቷን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትማለች፡፡ በ12 ወራት ውስጥ 17 በመቶ የሚሆኑት የአዕምሮ ህመም እንደነበረባቸው፣ ከእነዚህም ሕክምና ያገኙት ከ100 ወደ 11 የሚጠጉት ብቻ እንደሆኑ ታውቋል፡፡ ኢራቅም እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007፣ ደም መፋሰሱ በበረታበት ወቅት፣ 4,332 ሰዎችን ቤት ለቤት አነጋግራለች፡፡ ለሥራው ራሱን የሰጠ የአገር ውስጥ ተመራማሪ ካለ በክፉ ቀንም መቁጠር እንደሚቻል እነዚህ ሁለቱ ያስረዳሉ፡፡

ከገንዘብ ባልተናነሰ አስቸጋሪው መጠይቁ ራሱ ነው፡፡ የአረቡ ዓለም መጻፊያ ቋንቋ አንድ ቢሆንም የካይሮው፣ የቤይሩቱና የባግዳዱ ሰው በቤቱ የሚናገረው ይለያያል፡፡ በእኛም ቋንቋ የከፋው ሰው «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤ ደከመ» ማለቱ የተለመደ ነው፡፡ ይህንን በቃል በቃል ትርጉም መያዝ አይቻልም፡፡ ለአብነት የወለዱ እናቶችን ድባቴ ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጀውን የኤዲንብራ መጠይቅ እንውሰድ፡፡ በአዲስ አበባ ሲፈተሽ ተቀባይነት ያለው ውጤት ሲያስገኝ፣ በገጠር ቡታጅራ ግን ደካማ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ከተማውና ገጠሩ እንዲህ ከተለያዩ፣ ሳይፈተሽ የተወሰደ መጠይቅ የሚሰጠን ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

ቡታጅራ መፍትሔም አሳይታናለች፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ሲለዩ፣ ከዓለም አቀፉ ቃለ መጠይቅ ጎን ለጎን አካባቢያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነዋሪዎችም ተጠይቀዋል፡፡ ሁለቱ መንገዶች ተደጋግፈው፣ አንዱ ብቻውን ቢሆን የሚያመልጡትን ታማሚዎች አስገኝተዋል፡፡ የጎረቤት እውቀት እንደ ሳይንስ መረጃ ሲያገለግል ማየት ለእኔ የዚህ ጥናት ትልቁ ትምህርት ነው፡፡

ሌላው ጉዳይ የሰው ኃይል ነው፡፡ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አዕምሮ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፡፡ ይሁን እንጂ ስፔሻሊስቱ ጥቂት በሆነበት አገር ረጅሙን የታማሚ ሰልፍ ትቶ መረጃ ሲተነትን መዋል ከባድ ምርጫ ነው፡፡ ባለሙያው ወደ ውጭ ሲሄድ ደግሞ የጀመረው ምርምር ተንጠልጥሎ ይቀራል፡፡

ምርምሩ በውጭ በጀት ላይ መመሥረቱም የራሱ አደጋ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 ኢትዮጵያን ጨምሮ በአምስት አገሮች የተካሄደው ፕራይም የተባለው ፕሮጀክት የአዕምሮ ሕክምናን በተራ ጤና ጣቢያ መስጠት እንደሚቻል የፈተሸው በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ ነበር፡፡ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 የውጭ እርዳታዋን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.7 ወደ 0.5 በመቶ ቀንሳለች፤ በ2025 ደግሞ እስከ 2027 ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርደው አስታውቃለች፡፡ ለንደን ላይ የሚወሰን አንድ ውሳኔ ሶዶ ወረዳ ላይ የሚሠራ ጥናትን ሊያስቆም ይችላል ማለት ነው፡፡

እኛን በቀጥታ የሚመለከተውን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፡፡ ከላይ የጠቀስኩት የሳዑዲ ጥናት የቆጠረው የአገሪቱን ዜጎች ነው፡፡ በዚያ ቤት ውስጥ የምታበስለው፣ ልጅ የምታሳድገው ኢትዮጵያዊት መጠይቁ አይደርሳትም፡፡ ወደ አገሯ ስትመለስም ችግሯ የተፈጠረው ውጭ ነውና በዚህ ቆጠራ በቀላሉ አትገባም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት ከመካከለኛው ምሥራቅ የተመለሱ ሴቶችን አነጋግሮ የጉልበት ብዝበዛ፣ ከሰው መነጠልና የማንነት መደፈር አዕምሯቸውን እንደጎዳ አመልክቷል፡፡ ይህ ጠቃሚ ጅምር ነው፡፡ ነገር ግን ጥቂት ሴቶችን በጥልቀት ማነጋገር ስንቶቹ እንደታመሙ አይነግረንም፤ ይህን የሚመልሰው ላኪና ተቀባይ አገሮች በጋራ የሚያካሂዱት ቆጠራ ነው፡፡

እንደ እኔ እምነት ሦስት ነገሮች አይዘለሉም፡፡ አንደኛ፣ ማንኛውም መጠይቅ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በሚጠየቀው ሕዝብ መካከል ይፈተሽ፡፡ ሁለተኛ፣ መንግሥት ትንሽም ብትሆን የማትቋረጥ የምርምር በጀት ይመድብ፡፡ ሦስተኛ፣ በሠራተኛ ስምሪት ስምምነቶች ውስጥ የስደተኛዋ የአዕምሮ ጤና ይካተት፡፡ በጀት የሚደለደለው በቁጥር ነውና፣ ያልተቆጠረ ታማሚ አልጋም፣ መድኃኒትም፣ ሐኪምም አይመደብለትም፡፡