የሆልዝማን ስጦታ

«ሌ ሞንድ ዲፕሎማቲክ» በግንቦት 1954 ፓሪስ ውስጥ ሲወለድ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጨዋ ወርኃዊ ጋዜጣ ነበር። የዕለታዊው «ሌ ሞንድ» መሥራች ኡቤር ቤቭ-ሜሪ ያሰቡት ለኤምባሲ ሰዎችና ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሹማምንት ነበር። ጥርስ ያበቀለው በ1973 ክሎድ ዡልየን ኃላፊነቱን ከተረከቡ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሦስተኛውን ዓለም ጉዳይ በኃያላኑ ዓይን ላለማየት የሚታገል፣ ወገኑንም የማይደብቅ የአቋም ጋዜጣ ሆነ።

ብዕሩ የራሱ ይሁን እንጂ ቤቱ የሰው ነበር። ባለቤቱ «ሌ ሞንድ» ነውና እናት ጋዜጣው አንድ ቀን ፊቱን ቢያዞር መጠጊያ አልነበረውም።

መጠጊያው የተገኘው ከቦሊቪያ ነው። ጉንተር ሆልዝማን ናዚዎችን ሸሽተው ወደ ደቡብ አሜሪካ የተሰደዱ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነበሩ፤ በስተርጅናቸው ለዚህ ጋዜጣ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ሠራተኞቹ በስማቸው ማኅበር አቋቋሙ፤ አንባቢዎችም የወዳጆች ማኅበር መሥርተው ከኪሳቸው አዋጡ። በ1996 ጋዜጣው ራሱን የቻለ ኩባንያ ሲሆን «ሌ ሞንድ» 51 በመቶውን፣ ሁለቱ ማኅበራት 49 በመቶውን ያዙ። ይህን የተሸናፊ ድርሻ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በፈረንሳይ የኩባንያ ሕግ መሠረት ከሲሶ በላይ የያዘ ወገን መተዳደሪያ ደንቡ እንዳይለወጥ ማገድ ይችላል። ማዘዝ ባይችሉም እምቢ ማለት ይችላሉ።

አጥሩ የታጠረው ግን ለውጭ ሰው ነው። በታኅሣሥ 1997 ዳይሬክተሩ ኢግናሲዮ ራሞኔ በርዕሰ አንቀጻቸው በገንዘብ ዝውውር ላይ ቀረጥ እንዲጣል የሚታገል ማኅበር ይቋቋም አሉ፤ በዓመቱ «አታክ» ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የጋዜጣው ሰው በርናር ካሰን ነበሩ። እንግዲህ የሚጽፈው እጅና ሰልፉን የሚመራው እጅ የአንድ ቤት ሆኑ። ራሞኔ ከፊደል ካስትሮ ጋር አድርገው በ2006 ያሳተሙት ረጅም ቃለ ምልልስም ልዝብ ነው ተብሎ ተተቸ፤ ትችቱ ልክ ይመስለኛል። ባንክን እንዲያ የሚሞግት ብዕር ሀቫና ሲደርስ ለምን ይለዝባል? በ2005 መጨረሻ ደግሞ ዋና አዘጋጁ አላን ግሬሽና ምክትላቸው ዶሚኒክ ቪዳል በውስጥ አለመግባባት ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። ይህን ዓይነቱን ቁስል የትኛውም የአክሲዮን ክፍፍል አያክመውም።

ራሞኔን በ2008 የተኩት ሰርዥ አሊሚ፣ ጋዜጠኞች ከሥልጣንና ከገንዘብ ጋር የሚፈጽሙትን ጋብቻ በ1997 በመጽሐፍ ያጋለጡ ሰው ናቸው። እርሳቸው በመጡ በሁለት ዓመቱ፣ በ2010፣ ዕዳ ያጎበጠው «ሌ ሞንድ» በፒዬር ቤርዤ፣ በግዛቪዬ ኒዬልና በማትዩ ፒጋስ እጅ ገባ። በ51 በመቶው ድርሻ ላይ የሚያዝዙት ሰዎች ተለወጡ፤ 49 በመቶው ግን በሠራተኞቹና በአንባቢዎቹ እጅ እንዳለ ቀረ።