ባሕር የተሻገረ ድምፅ

ዛሬ የማወጋችሁ የቦረናን ነገር ነው፤ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተንጣለለውን የወሎን ደጋ፣ የመካነ ሰላምን። ከዚያ ጎጃም ማዶ ለማዶ ነው። ይሁንና እዚያ ካሉ እናቶች ብዙዎቹ ሲጠባበቁ የኖሩት የጎጃምን ሳይሆን የጅዳንና የሪያድን ወሬ ነው።

እንዴት ሆነ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ እንዲህ ነው። በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት የመንግሥት ፈቃድ ግድ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በሩ ገርበብ ሲል ሥራ ፈላጊው ተነሣ። መሬት ጠቧል፤ የአባት ማሳ ለልጆች ቢሸነሸን ለአንዱም አይበቃ። በልግ የቀረ ዓመት ደግሞ ያቺው ጥቂት እህልም የለች። ሴቷ ለቤት ሠራተኛነት፣ ወንዱ ለበግና ለግመል እረኝነት «ዓረብ አገር» አለ። የቻለ በአውሮፕላን ሄደ። ያልቻለ ለደላላ ከፍሎ በአፋር በረሃ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ የመን። ባብ ኤል መንደብ የሚሉት የመሻገሪያው ባሕር በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከመካነ ሰላም ደሴ የሚያደርሰው መንገድ ስንት እጥፉ ነው። ግን ያ ባሕር የበላው ልጅ ብዛት!

ታዲያ ዘመድ በምን ይገናኝ? ሞባይል ባልነበረበት ጊዜ መልእክተኛው ካሴት ነበር። ማታ ከእራት በኋላ ቴፑ መደብ ላይ ይቀመጣል። ባትሪው እንዳይደክም ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ውሏል። ቀይዋ ቁልፍ ስትጫን ቤቱ ጭጭ ይላል። አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው ምርቃቱን ያወርዱታል፤ ቤተሰቡ ባንድ አፍ «አሚን!» እናት ተራዋ ሲደርስ የላሟን መውለድ፣ የጎረቤቷን ልጅ መዳር፣ የጤፉን ማማር ትናገራለች። ሞት ግን በካሴት አይነገርም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ደግፎ ነው እንጂ በቴፕ አይሆንም። አያት አርፈው እንደሆነ ዓረብ አገር ያለችው ልጅ ድምፃቸውን ስታጣ «ተኝተው ነው» ትባላለች። እሷም ታውቃለች፤ አላወቅሁም ብላ ታድራለች።

ካሴቱ ከድርቆሹ፣ ከበሶውና ከበርበሬው ጋር ተቋጥሮ ለሚሄድ ሰው በአደራ ይሰጣል። ጅዳ ያለችው ልጅ አሠሪዎቿ ሲተኙ ጠብቃ ትሰማዋለች። መልሷንም እዚያው ላይ ትቀዳለች። ያኔ የእናቷ ድምፅ ጠፋ። ካሴት እንደ ልብ አይገኝምና፣ የአንዱ ናፍቆት የሌላውን እየፋቀ ስንት ዓመት ተኖረ!

ባሕር ለያይቶት በወሬ የኖረ ቤተሰብ እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። በ1825 እ.ኤ.አ. ከኖርዌይ ስታቫንገር ወደብ 52 ሰዎች በአንዲት ትንሽ ባለ ሸራ መርከብ ተሳፍረው፣ ባሕር ላይ ሕፃን ተወልዳ 53 ሆነው ኒውዮርክ ገቡ። በመቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ 800 ሺህ ያህል ኖርዌያዊ ተከተላቸው። የሄደው ይጽፋል፤ የቀረው ደብዳቤውን ለጎረቤት ያነባል፤ ይገለበጣል፤ ከመንደር መንደር ይዞራል። አሜሪካ የሰነበተ ለወንድሙ የመርከብ ቲኬት ቆርጦ ይልካል፤ በእኛም እህት እህቷን ስትስብ እንዲሁ ነው። እነሱ ግን ደብዳቤውን አልጣሉትም። ከገበሬ ሣጥን ተለቅሞ፣ በአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በኩል በብዙ ቅጽ ታተመ። በዚህ እቀናባቸዋለሁ።

ወደኛው ልመለስ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ሳዑዲ መኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ማሰስ ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ተመለሰ። አንዱ በፌስታል ልብስ ይዞ፣ አንዱ ባዶ እጁን። መንግሥትም ለቤት ሠራተኛነት መሄድን አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ያ እገዳ ሰው አስቀረ አልልም። ደላላው አልታገደም፤ መንገዱ ወደ በረሃውና ወደ ጀልባው ዞረ እንጂ።

ዛሬ በሞባይል የሚያነጋግር ኢሞ የሚሉት አለ። እናት ቡና እያፈላች ልጇን በምስል ታያለች፤ ተመስገን ነው። ግን የኢሞ ወሬ ሲዘጋ አለቀ፤ ስልኩ የተሰበረ ዕለት የተላከው ድምፅም አብሮ ይሄዳል።

እናንት የቦረና፣ የሳይንት፣ የለጋምቦና የከላላ ሰዎች! ሣጥናችሁ ውስጥ የተረፈ ካሴት ካለ አትቅዱበት፤ ፀሐይና አቧራም አይንካው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ እዚያው መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው፤ እናንት መምህራኑ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ካሴቱን ገልብጡት፣ አስቀምጡት። ካሴቱ ቢጠፋ እንኳ ያንን ድምፅ የቀዱትና የሰሙት እናቶች ዛሬም አሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው።