ወረቀት ደን አይጠብቅም

ባጥሐ የሚለው ስም በአረብኛ ጠጠርና አሸዋ ያለበት የጎርፍ መውረጃ ማለት ነው። ዛሬ መኪና የሚጨናነቅበት መንገድ ድሮ ዝናብ ሲመጣ ውሃ የሚወርድበት ሸለቆ ነበር። አሁን ደግሞ እኛ በእረፍት ቀናችን የምንገናኝበት፣ ብር የምንልክበት፣ ያጠራቀምናትን ይዘን ወርቅ የምንጠይቅበት ሰፈር ሆኗል። ብዙዎቻችን ወርቅ የምንገዛው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለክፉ ቀንም ነው።

አገራችንም ወርቅ የተገኘው እንዲህ ባለ የወንዝ ጠጠር ውስጥ ነው። በጉጂ፣ በአዶላና በሻኪሶ አካባቢ፣ ወርቅ መቆፈር የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ ነው። መጀመሪያ በእጅ ነበር፤ አሸዋው በውሃ እየታጠበ። አካባቢው የአንፈራራና የዋደራ ደን ያለበት ነው። ጽዱና ዝግባው፣ በዛፍ ጥላ ስር የሚበቅለው የጉጂ ቡናም እዚያው ነው።

በኋላ ለገደምቢ ላይ ትልቅ የመንግሥት የወርቅ ማዕድን ተከፈተ። እ.ኤ.አ በ1997 ለሼህ ሙሐመድ አል-አሙዲ ኩባንያ ለሚድሮክ ተሸጠ። እዚያ ድንጋዩ ይፈጫል፣ ሳይናይድ የሚባል ኬሚካል ወርቁን ያሟሟዋል፣ የተረፈው ጭቃና ውሃ ግድብ ውስጥ ይጠራቀማል። ወርቁ ስዊዘርላንድ ሄዶ አርጎር-ሄራየስ በሚባል ማጣሪያ ሲነጥር ኖሯል። ጭቃው ግን የትም አይሄድም።

የአካባቢው ሰው ከብት አለቀብን፣ ሴቶች አስወረዳቸው፣ ልጆች አካላቸው ተጎድቶ ተወለዱ እያለ ለዓመታት ጮኸ። በ2010 ዓ.ም የኩባንያው ፈቃድ ለ10 ዓመት ታደሰ ሲባል ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም መንግሥት ፈቃዱን አገደ። እ.ኤ.አ በ2021 ግን ሥራው ተመልሶ ተጀመረ። እ.ኤ.አ በ2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት፣ በአካባቢው ውሃና አፈር ውስጥ እንደ አርሴኒክ ያሉ መርዞች እንዳሉ፣ ኩባንያውም መንግሥትም ሕዝቡን እንዳልጠበቁ ገለጸ።

ልብ በሉ፣ ኩባንያው የቆፈረው በፈቃድ ነው። ወረቀት ነበረው።

ሕገወጥ የሚለውን ቃል እኛ ሳውዲ ያለን ሐበሾች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በ2006 ዓ.ም ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከዚህ አገር ሲመለሱ ስማቸው ይኸው ነበር። ኢቃማ የሌለው ሁሉ ክፉ እንዳልሆነ፣ ወረቀቱ የተሟላ ሁሉም ደግ እንዳልሆነ በኑሮ አይተናል። ማዕድንም እንደዚያው ነው።

እንዲህ ስል ግን ያለፈቃድ የሚቆፍረው ጉዳት አያደርስም ማለቴ አይደለም። መሬት ያጣ ወጣት ጉድጓድ ይቆፍራል፤ እንዳይደረመስበት በእንጨት ይደግፈዋል፤ ለዚያ ዛፍ ይቆረጣል። የወንዙ ዳር ይገለበጥና ታች ያለው መንደር ድፍርስ ይጠጣል። ከሁሉ የሚከፋው ባዜቃው ነው፣ ሜርኩሪ የሚሉት። ባዜቃ ከወርቅ ብናኝ ጋር ይጣበቃል፤ እሳት ላይ ሲደረግ እሱ ተኖ ወርቁ ይቀራል። እኛ ቤት የምናጸዳ ሴቶች ክሎሮክስ ከሌላ ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል እንዴት እንደሚያፍን እናውቃለን። እሱስ ሽታው ያስጠነቅቃል። የባዜቃ እንፋሎት ግን ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይተነፍሰዋል፣ አንጎልን ይጎዳል፣ የሆድ ውስጥ ልጅም አይተርፈውም። ጃፓን ሚናማታ ላይ ፋብሪካ ወደ ባሕር በለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣ የበሉ ሰዎች መታመማቸው የታወቀው እ.ኤ.አ በ1956 ነው። ብራዚል ደግሞ የያኖማሚ ሕዝብን ደን እ.ኤ.አ በ1992 በሕግ ከልላ ነበር፤ ሕገወጥ ቆፋሪ ግን በሺህ እየሆነ ገባበት። እ.ኤ.አ በ2023 ለሕዝቡ ጤና የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ወረቀቱ ብቻውን አልጠበቀውም።

ታዲያ ምን ይጠብቃል? የመንዝ ጓሳን እዩ። ጓሳ ሳርና ቁጥቋጦ እንጂ ደን አይደለም፤ ግን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ጠብቆታል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሳሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ አቆመው። የሚጠብቀው የሚጠቀምበት ሰው ስለሆነ ነው። ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 92 ላይ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። የ2010 ዓ.ም የደን አዋጅም የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል። ሻኪሶ ላይ የጎደለው ይሄ ነው፤ እዚያ የሚኖረውን መጠየቅ።

ይሄ ነገር እኛንም ይመለከታል። የአክስቴ ልጅ ወርቅ ቁፋሮ ሄዷል። ለውሃ መሳቢያ ሞተር ብር ላኪልኝ ብሎ ደወለ። ሦስት ነገር ጠየቅሁት፦ ባዜቃውን የት ነው የምታቃጥሉት? ስትጨርሱ ጉድጓዱን ማን ይደፍነዋል? ታች ያለው መንደር ከየት ይጠጣል? የመለሰልኝ የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ቤት፣ ምድጃው ላይ ነው አለኝ። ያ ምድጃ እንጀራም ይጋገርበታል፣ አጠገቡ ልጆች ይተኛሉ። እንግዲህ ልጆቹ ካሉበት ራቁ፣ ውጭ አውጡት፣ ሁለቱን መልሱልኝና ስለ ብሩ እናወራለን አልኩት።

እህቶቼ፣ በላባችን ያገኘነውን ስንልክ ለምን እንደሚውል መጠየቅ ንፍገት አይደለም። እናንተም ስትደውሉ ጠይቁ።