መዝገበ ቀለም፤ በቀድሞዎቹ የዩኒክስ ኮምፒዩተሮች ላይ ስለ ቀለምና ስለ ስያሜው

የሙያ ቃል ከፊደላዊ ፍቺው ብቻ ተነሥቶ ሲተረጐም ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ለማሳየት፣ ከዩኒክስና ከዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ታሪክ አንድ ምዕራፍ እንመረምራለን። ይኸውም በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ስክሪን ላይ ቀለም ለማስገኘት የተደረገው ጥረት ነው። ከዚህ ታሪክ የወጡት «ከለርማፕ» እና «ስዩዶከለር» ቃል በቃል ሲተረጐሙ «የቀለም ካርታ» እና «ሐሰተኛ ቀለም» ይሆናሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ትርጉሞች አይስማሙም።

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪዎች ሲጀመር ተጠቃሚዎቹ የሚሠሩት በወረቀት ላይ በሚጽፍ ቴሌታይፕ ነበር። በዚያ ጊዜ ቀለም ማለት የጽሕፈት ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቪቲ100 ተርሚናል ጽሑፉን በስክሪን ቢያሳይም ባለ አንድ ቀለም ነበር። ኋላም ለተርሚናሎች በጸደቀው ደንብ ከ30 እስከ 37 ያሉት ቁጥሮች ለ8 የፊደል ቀለሞች ተመደቡ፤ 31 ቀይ፣ 32 አረንጓዴ፣ 34 ሰማያዊ ሆነ። ቀለም በቁጥር መጠራት ጀመረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረውና በ1987 11ኛው እትሙ የወጣው ኤክስ የተባለው የመስኮት ሥርዓት ጉዳዩን ከፊደል ወደ ሥዕል አሳደገው። እንቅፋቱ የማስታወሻ ክፍል ውድነት ነበር። 1024 በ768 የሆነ ስክሪን 786,432 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ቢመደብ 2,359,296 ባይት ያስፈልጋል፤ 8 ቢት ቢመደብ ግን ሢሶው ይበቃል። 1,048,576 ባይት ብቻ የሚይዝ የሥዕል ካርድ የነበረው ሰው ምርጫው ግልጽ ነበር።

ይሁን እንጂ 8 ቢት የሚይዘው 256 ቁጥሮችን ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ቀለሙን ራሱን ሳይሆን፣ ቀለሙ በዝርዝር የተመዘገበበትን ተራ እንዲያመለክት ተደረገ። በየተራው የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን ይጻፋል። 17ኛው ተራ ቀይ የነበረ እንደ ሆነ፣ ተራው ሲታረም ቁጥር 17 የያዙ ነጥቦች ሁሉ አብረው ይለወጣሉ።

በብዙዎቹ መሣሪያዎች እንዲህ ያለው መዝገብ አንድ ብቻ ነበር። አንዱ ፕሮግራም የራሱን መዝገብ ሲያስገባ የሌሎቹ መስኮቶች ቀለም ይዘበራረቃል፤ ጽሑፉ ሳይነካ መዝገበ ቃላቱ የተለወጠ ያህል ነው። በመሆኑም ፕሮግራሞች አንድ መዝገብ በስምምነት እንዲጋሩ ማድረግ ግድ ሆነ። ለምሳሌ ከሦስቱ ብርሃናት እያንዳንዱን በ6 ደረጃ በመክፈል 216 የጋራ ቀለሞች ተወስነው፣ 40 ተራዎች ለሌላ አገልግሎት ይተርፉ ነበር።

እንግዲህ «ካርታ» የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ ምድርንና አቅጣጫን ያስታውሰዋል እንጂ ተራ ቁጥር ተፈልጎ ፍቺው የሚገኝበትን ዝርዝር አያመለክተውም። «ሐሰተኛ» የሚለውም ያሳስታል፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀይ በሁለቱም አሠራር ያው ቀይ ነውና። ልዩነቱ በአገኛኘቱ ነው። «ትሩከለር» በሚባለው አሠራር ቁጥሩ ራሱ የሦስቱን ብርሃናት መጠን በክፍል በክፍል ይዟል። ይህንን «ቀጥተኛ ቀለም» እንዳንለው በዚያው ሥርዓት «ዳይሬክትከለር» የተባለ ሌላ ዐይነት አለ፤ ስሙን ለእርሱ ማቆየት ይገባል።

ስለዚህ ለ«ከለርማፕ» በ«መዝገበ ቃላት» አምሳል «መዝገበ ቀለም»፣ ለ«ስዩዶከለር» «መዝገባዊ ቀለም»፣ ለ«ትሩከለር» ደግሞ «ራስ ገላጭ ቀለም» የሚሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን። አሮጌ መሣሪያ የሚያድስ ሰው የቀለም መዘበራረቅ ሲያጋጥመው «ሐሰተኛ ቀለም» የሚል መመሪያ ቢያነብ ጉድለቱን በስክሪኑ ላይ ይፈልጋል፤ «መዝገባዊ ቀለም» የሚል ቢያነብ ግን መዝገቡን ይመረምራል።