«ይቻላቸዋል» ወይስ «ተስማምተዋል»?

ክረምት ላይ ቤተሰብ ጥየቃ ቢቸና ስሄድ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ዘንድሮ አንዱ ተማሪ «ስቱደንትስ አቬይልድ ኦቭ ዘ ላይብረሪ» ብሎ ጻፈ። ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍቱ ተጠቀሙ ማለቱ ነው። ምን ጎደለው? በመደበኛው የጽሑፍ እንግሊዝኛ ይህ ግሥ ተጠቃሚውን ራሱን መልሶ ይጠራል፦ «አቬይልድ ዘምሰልቭስ ኦቭ»። ተጠቃሚዋ አንዲት ሴት ከሆነች «ኸርሰልፍ»፣ እኔ ከሆንኩ «ማይሰልፍ» ይገባል። «ኦቭ»ም አትቀርም፤ የተጠቀምንበት ነገር የሚመጣው ከእሷ ቀጥሎ ነው።

ትንሽ ነገር ትመስላለች አይደል? የዚችን ሐረግ የታሪክ ዘመድ ላሳያችሁ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግን «ኮንሴንቴ ዲ ሴርቪርሲ» ነው፤ በኢጣልያ ለመጠቀም ተስማምተዋል እንደማለት። ወደ እንግሊዝኛ ስናመጣው «አቬይል ሂምሰልፍ ኦቭ» ለሁለቱም ይሆናል። ልዩነቱ ያለው ከፊቷ በሚቆመው ግሥ ላይ ነው። «ሜይ» ካልን ምርጫ ነው፤ «ኮንሴንትስ ቱ» ካልን ቃል መግባት። የሚገርመው፣ አንቀጽ 19 ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም አንድ ስለሆኑ እኩል ይታመናሉ ይል ነበር!

ኢጣልያ በራሷ ቅጂ ይዛ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1882 ለንግሥት ቪክቶሪያ በቀጥታ ቢጽፉ፣ ንግሥቲቱ የደብዳቤዎቹን ግልባጭ ለኢጣልያ መንግሥት እንደሚልኩ መለሱላቸው። ምኒልክ ውሉን በ1885 አፈረሱ። ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ለየለት፤ በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባ ውል ውጫሌን ሰረዘ። እርግጥ ለጦርነቱ ዋናው ምክንያት የኢጣልያ የቅኝ ግዛት ፍላጎት ነው፤ ግሡ ግን መንገድ ከፈተለት።

ሞጣ አካባቢ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ፤ በፋሺስት ወረራ ዘመን መሃሉ የተቆረጠ። ዳርና ዳሩ ቢቆምም መሃሉ ከሌለ አያሻግርም። መሐንዲስ ነኝና ዓረፍተ ነገርንም እንደዚያ ነው የማየው። ስለዚህ ይህን ሐረግ ስትጽፉ ሦስት ነገር ፈትሹ፦ «ሰልፍ» አለ? «ኦቭ» አለ? ከፊት ያለው ግሥስ ምርጫ ነው የሚናገረው ወይስ ግዴታ? በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ስትፈርሙ ደግሞ ሁለቱንም አንብቡ፤ ካልቻላችሁ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ።