ሰባራ ድልድይን ያስጠገነው ፎቶ

ከእስቴ ወደ ሞጣ የሚያሻግረው የዓባይ ድልድይ ሲሠራ «ሰባራ» አልነበረም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ ተገነባ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መንገደኛው በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ከወዲያና ከወዲህ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ፎቶውን ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአገሬው ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት አገናኘው። ጥገናውን በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

የድሮ ድልድይ ፎቶ ለማንሳት የምትጓዙ ሁሉ፣ ድንጋዩን ብቻ አንስታችሁ አትመለሱ። ሰባራ ድልድይን ያስጠገነው የቅስቱ ውበት ሳይሆን ገመዱ ላይ የተንጠለጠለው ሰው ነው።